እባካችሁ እንጨቱን ነጭ አትቀቡት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በቤት አምዳችሁ ላይ ቤት ከመሸጡ በፊት ምን ምን መደረግ እንዳለበት የጻፋችሁትን አንብቤ ነው ይህን የምልክላችሁ። ሁሉንም ነጭ ቀቡ፣ ያረጀውን አውጡ፣ አዲስ ወለል አንጥፉ ይላል። ምክሩ ለብዙ ቤት ይሠራ ይሆናል። ለአንድ ዓይነት ቤት ግን መርዝ ነው፣ እኔ ደግሞ መርዙን የጠጣ ቤት በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔና ባለቤቴ ቤት መፈለግ ከጀመርን ዓመት አልፎናል። የምንፈልገውን የጻፍንበት ዝርዝር አለን። የያዘችው እሷ ናት፣ እኔ ወረቀት ይጠፋብኛል። ሦስት መኝታ ክፍል፣ ደህና ጣሪያ፣ ብዙ ጥገና የማይጠይቅ። አንድ ማታ ስልኬ ላይ የሚሸጡ ቤቶችን ሳገላብጥ አንድ ፎቶ ላይ ቀረሁ። ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ ቤት ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሊባል ምንም አልቀረው። በሩ ብርቱካንማ። ከዝርዝራችን ውስጥ አንዱንም በቅጡ አያሟላም። ለባለቤቴ አሳየኋት፣ አየችና "ጣሪያው?" አለች። እኔ ግን በቃ፣ አልቆልኛል። ፎንቃ የሚሉት ነገር በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም በቤት ያዘኝ።

ቅዳሜ ሄድን። ከመንገድ ሲታይ፣ እውነቴን ነው፣ ምኑም አይማርክም። መስኮት የሌለው ግድግዳ፣ የመኪና ማስገቢያ፣ ያ ብርቱካንማ በር፣ አለቀ። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እነዚህ ቤቶች ጀርባቸውን ለመንገዱ፣ ፊታቸውን ለጓሮው ነው የሚሰጡት። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ቤት ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል፣ ቀና ስትሉ ግን ሰማይ ነው። ጣሪያ የሌለው ትንሽ የውስጥ ግቢ፣ ዙሪያውን መስታወት። ዋናው ቤት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሳሎኑ በጓሮው በኩል ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። ኮርኒስ የሚባል ነገር የለም። ቀና ስትሉ የምታዩት የጣሪያውን ሳንቃ ራሱን ነው፣ ሳንቃውን ደግሞ ወፋፍራም የእንጨት ቢሞች ተሸክመውታል። አንዱን ቢም በዓይኔ ተከተልኩት። ከኩሽናው በላይ ይነሳል፣ ሳሎኑን ያቋርጣል፣ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል ስትሉ አይቆምም፣ አልፎት ይወጣና ውጭ አንድ ሜትር ያህል ሄዶ ነው የሚያበቃው። ውስጡ የት አልቆ ውጭው የት እንደጀመረ ዓይናችሁ ይጠፋበታል። ደላላው ስለ ኩሽናው እያስረዳ ነበር። አንድም ቃል አልሰማሁትም።

ከዚያ ደግሞ ግድግዳው። ከመስታወቱ በስተግራ ያለው ከወለል እስከ ጣሪያ እንጨት ነው፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ቀለም ነክቶት የማያውቅ። ሰው ማሆጋኒ ይለዋል እንጂ በእንዲህ ያሉ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ላዋን የሚባል የሩቅ ምሥራቅ እንጨት ነው፣ ስስ ሆኖ በፕላይውድ ላይ የተለበጠ። የከሰዓት ፀሐይ በጎን ስታገኘው ጭረቱ ሁሉ ይነሳል። ጠጋ ብዬ እጄን አሳረፍኩበት። ከመብራት ማብሪያው አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ ጠቆር ብላ ለስልሳለች። ስድሳ ዓመት ያህል ሰው በጨለማ እየዳበሰ መብራት ያበራባት ቦታ ናት። በሌላ ቤት ብትሆን ቆሻሻ እላት ነበር።

ለማያውቀው ልንገር። ይህን ዓይነት ቤት "ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን" ይሉታል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እስከ 1960ዎቹ ድረስ የተሠራው ማለት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስሙ ዘግይቶ የመጣ ነው፣ በሰው አፍ የገባው በ1984 ስለ ሃምሳዎቹ የቤት ዕቃ በወጣ መጽሐፍ ነው። ሚስጥሩ ቀላል ነው። ጭነቱን የሚሸከሙት ምሰሶና ቢም ናቸው፣ ግድግዳው ምንም አይሸከምም። ካልተሸከመ ደግሞ መስታወት ቢሆን ማን ይከለክለዋል? ጦርነቱ ፋብሪካዎቹን ብረት፣ ፕላይውድና ማጣበቂያ በብዛት ማምረት አስተምሯቸው ነበር። ቻርልስና ሬይ ኢምስ የሚባሉት አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ ባልና ሚስት በጦርነቱ ጊዜ ለአገራቸው ባሕር ኃይል ለተሰበረ እግር መደገፊያ ከፕላይውድ ሲሠሩ ቆይተው፣ በ1949 የራሳቸውን ቤት ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ በሚሸጥ የብረትና የመስታወት አካል ገጣጠሙት።

እዚህ ላይ አዘጋጆቹን አንድ ነገር ልንካችሁ። ያ የኢምሶች ቤት የአንድ መጽሔት ሥራ ነው። አርትስ ኤንድ አርኪቴክቸር የተባለው የካሊፎርኒያ መጽሔት፣ አዘጋጁ ጆን ኤንተንዛ፣ በ1945 ከጦርነት ማግስት ላለው ሰው የሚሆን ቤት ንደፉልኝ ብሎ አርክቴክቶችን ጋበዘ፣ ነገሩም እስከ 1966 ቀጠለ። ከኮረብታ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የከተማው መብራት ከሥሩ የተዘረጋውን፣ ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለው የሚጨዋወቱበትን የመስታወት ቤት ፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ቤቱን የሠራው ፒየር ኮኒግ ነው፣ ፎቶውን ጁሊየስ ሹልማን በ1960 አነሳው። እሱም ከዚሁ መጽሔት ቤቶች አንዱ ነው። አንድ አዘጋጅ ይህን ሁሉ አሠራ። እናንተ ነጭ ቀቡ ትሉናላችሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤ የሚገባው ግን የጆሴፍ አይክለር ታሪክ ነው። አርክቴክት አይደለም፣ ለዓመታት በቅቤና በእንቁላል ጅምላ ንግድ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። በ1940ዎቹ ስመ ጥሩው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት የነደፈውን ቤት ተከራይቶ ገባ። ወደደው። የራሱ አልነበረምና ለቀቀ። ቤቱ ግን አልለቀቀውም መሰለኝ፣ ንግዱን ትቶ ወደ ቤት ሥራ ገባና አርክቴክቶች ቀጥሮ 11 ሺህ ገደማ ቤት ሠርቶ ሸጠ፣ አብዛኞቹን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ያውም የብዙ ሰፈር በር ለጥቁርና ለእስያ ተወላጅ በተዘጋበት ዘመን ቀለም ሳይመርጥ። የውስጥ ግቢውን፣ የእንጨት ግድግዳውን፣ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ማሞቂያውን ተራ ሰው እንዲኖርበት ያደረገው እሱ ነው። እኔ ያየሁት ቤት የእሱ አይደለም፣ ግን ያንኑ መንገድ ተከትሎ የተሠራ ነው። እና እኔም አንድ ከሰዓት ብቻ ቆሜበት ለወጣሁት ቤት እንዲህ ከሆንኩ፣ አይክለርን አልፈርድበትም።

አሁን "ፍቅር ይዞት ጉድለቱ አልታየውም" ትሉ ይሆናል። ታይቶኛል! እንዲያውም ያሳዩኝ ሻጯ ራሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የኖሩበት። ደላላው ፊቱን እያጠቆረ እሳቸው ግን ክንዴን ይዘው አዞሩኝ።

"ልጄ፣ አልደብቅህም። ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ጣሪያው ላይ ይተኛል። ሟቹ ባለቤቴ መጥረጊያ ይዞ እየወጣ ይገፋው ነበር።" ከዚያ ወደ ሳንቃው ጠቆሙ። "ያችን ታያታለህ? መጀመሪያ ያፈሰሰ ጊዜ ናት። ያኛዋ ደግሞ የጭስ መውጫው ጋ፣ ከተጠገነ በኋላ አልሰፋችም።"

ሳንቃው ላይ ሁለት ጠርዛቸው የጠቆረ እድፎች አሉ። ይህ ነገር እዚህ ላይ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በሌላ ቤት በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል ባዶ ቦታ አለ፣ ውሃው እዚያ ዞሮ ዞሮ ሌላ ክፍል ላይ ይወጣል። በእንዲህ ያለው ቤት ባዶ ቦታ የለም። የምታዩት እንጨት የጣሪያው ሆድ ነው። ሬንጁና ጠጠሩ ከበላዩ ነው ያለው። ስለዚህ ያፈሰሰው ሁሉ እንጨቱ ላይ ተጽፎ ይቀራል፣ ቦታው፣ ስፋቱ፣ አሮጌ ይሁን አዲስ። ባለቤቴ፣ ያቺ "ጣሪያው?" ያለችው፣ እድፎቹን ትንሽ አየቻቸውና "ከሚደብቅ ቤት የሚናገር ይሻላል" አለችኝ። እዚያ ላይ ነው እሷም እንደተያዘች ያወቅኩት።

ሌላውም ጉድለት አለ። ማሞቂያው ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ነው፣ ሲሠራ ባዶ እግር መሄድ ያስመኛል፣ ሲያፈስ ግን ወለል መሰበር አለበት። መስታወቱ ነጠላ ነው፣ በብርድ ያልበዋል፣ የዚያን ዘመን መስታወት ደግሞ ሲሰበር እንደ ቢላ ነው። በጓዳው በኩል ያለው አሮጌ ወለል ወርድና ቁመቱ 23 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካሬ ንጣፍ የተነጠፈ ነው። ይህ ልክ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፣ ሳይመረመር መፋቅም መስበርም አይገባም፣ ደህና ከሆነ ባለበት መሸፈኑ ይሻላል። (የእናንተ አምድ "ያረጀውን ወለል አንሱ" ሲል ይህን አልጠቀሰም። እባካችሁ አርሙት።)

ታላላቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮህ በ1951 ኢሊኖይ ውስጥ ለዶክተር ኤዲት ፋርንስወርዝ የሠራው የመስታወት ቤት በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው፣ ሐኪሟና አርክቴክቱ ግን በወጪው ምክንያት ፍርድ ቤት ቆመዋል፣ እሷም መኖሪያ አይሆንም ብላ አማርራለች። አጠገቡ ያለው ወንዝም ሞልቶ ከአንዴም ሁለቴ ገብቶበታል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የወደድኩት። ጣሪያ የሚያይ ባለሙያ እስካገኝና ባንክ እስክጠይቅ ጥቂት ቀን ስጡኝ ብዬ ወጣሁ። ስወጣ በሩን አንዴ ዳሰስኩት፣ ባለቤቴ ሳቀችብኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ባለሙያውን ይዤ ተመለስኩ።

በሩ ግራጫ ሆኗል።

መጀመሪያ ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ደላላው ከውስጥ በፈገግታ ወጣ፣ "ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ አሁን ቤት መሰለ!" አለኝ። ገባሁ። ግድግዳው ነጭ። ሳንቃው ነጭ። ቢሞቹ ነጭ። የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣም። ክብ ክብ አምፖሎቹ ወርደው በየመደብሩ የሚሸጠው ዓይነት ተሰቅሏል። ቀና ብዬ ያን ቢም ፈለግኩት። ከኩሽናው በላይ ይነሳል፣ ነጭ ሆኖ ሳሎኑን ያቋርጣል፣ መስታወቱ ጋ ይደርሳል፣ እዚያ ያበቃል። ውጭ ያለውን ክፍሉን አልቀቡትማ! ውስጡ ነጭ ውጭው ቡናማ። በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ቢሙን መስታወቱ ላይ ቆረጡት። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ይኸው ነው። ማብሪያው አጠገብ ያለችውን ቦታ በጣቴ ፈለግኳት፣ ልስላሴዋም የለም።

ባለሙያው ቀና ብሎ አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። "አሁን እዚህ ምን ልይ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለቱ እድፎች የሉም። እንደ መዝገብ ያነበብነው ሳንቃ ባዶ ወረቀት ሆኗል። የእርጥበት መለኪያውን አውጥቶ እኔ ከማስታውሰው ቦታ እየጀመረ አንድ በአንድ ነካካው፣ ከዚያ መሰላል ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ነጩ ቀለም ያሳመረው ነገር ቢኖር የእሱን የሥራ ሰዓት ነው፣ ከፋዩ ደግሞ እኔ።

ማታ ለሻጯ ደወልኩላቸው። መቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ድምፃቸውን ስሰማ አልቻልኩም። "አትቀየመኝ ልጄ፣ እንዲህ ካልሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም አሉኝ። ወጪውም የኔው ነው።" አያችሁ? ሊገዛ የመጣ ሰው ቆሞ እያለ፣ ገዥ ይስባል ተብለው ከኪሳቸው ከፍለው ገዥውን የሳበውን ነገር አጠፉት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ዋጋውም "ታድሷል" ተብሎ ከፍ ብሏል። እኔ አንዴ ለማበላሸቱ፣ ሌላ ጊዜ ለማስተካከሉ ልከፍል ነው።

ቀለም ምን ችግር አለው፣ ፍቀህ አንሳው የሚል አይጠፋም። ደላላውም ያለኝ ይህንኑ ነው። የላዋን ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ቀለሙን ይጠጣዋል። ነጩ በጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትሉት ደግሞ የላይኛው ልባጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው፣ ትንሽ ስትበረቱ አልፋችሁ ታችኛው ላይ ትደርሳላችሁ፣ እሱ ሌላ እንጨት ነው። ውሃ ቢበዛበት ማጣበቂያው ይለቃል። እንጨት የማይወድ ገዥ ቢመጣ በሁለት ቀን ራሱ ይቀባዋል፣ ማን ይከለክለዋል። የሚወደው ሰው ግን የተቀባውን መመለስ አይችልም።

ስለዚህ የቤት አምዳችሁ ሌላ ጊዜ ሲመክር፣ በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠራ ቤት ያለው ሰው ምንም ከመንካቱ በፊት ጠጠር ካለበት ጣሪያ ላይ ቆሻሻውን ይጥረግ፣ አሸንዳውን ያጽዳ፣ መስታወቱን ይጠብ፣ የጥገና ደረሰኞቹንና ካለ ንድፉን ፈልጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፣ የሚያወርደውን አምፖልና የበር እጀታ ሳይጥል በካርቶን ያኑር በሉት። ወጪው ከቀለሙ ያንሳል። እርግጥ ከቀለም የባሰም አለ፣ አልክድም። አርክቴክቱ ሪቻርድ ኖይትራ ካሊፎርኒያ ራንቾ ሚራዥ ውስጥ በ1962 የሠራውን የማስሎን ቤት የገዛው ሰው ብዙም ሳይቆይ በ2002 አፍርሶታል። የኔው ቢያንስ ቆሟል።

አሁን የምጽፍበት ዋና ጉዳይ። ያን ቀን ልወጣ ስል ባለቤቴ ከመኝታ ክፍሉ ጠራችኝ። ግድግዳው ውስጥ የተሠራውን ቁም ሣጥን ከፍታ ቆማለች። ውስጡን አልቀቡትም። በሩን ወደ ጎን ስትገፉት ያው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ያው ጭረት፣ ሽታው እንኳ የድሮው ነው። ሁለታችን አንገታችንን አስገብተን ትንሽ ቆየን፣ ደላላው ምን እንደምናደርግ አልገባውም። ቀለሙ ገና አዲስ ነው፣ በውሃ የሚበጠበጠው ዓይነት፣ አንድ እጅ ብቻ የተቀባ። ከሥሩ ማሸጊያ ቀለም እንዳልተደረገ ቀቢው በስልክ አረጋግጦልኛል።

የጣሪያውን ወጪና የቀለሙን ማስለቀቂያ ቀንሰን ዋጋ አቅርበናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ከስስ ልባጥ ላይ ቀለም አስለቅቆ የሚያውቅ ካለ፣ በምን ፈሳሽ እንዳደረገው፣ ስንት ደቂቃ እንዳቆየው፣ ከጭረቱ ውስጥ ነጩን በምን ብሩሽ እንዳወጣው በጋዜጣው በኩል ይጻፍልኝ። ግድግዳው 6 ሜትር በ2 ሜትር ከ40 ነው። ቢሞቹን ለብቻ እጠይቃለሁ።

ቤት ፈላጊው አንባቢያችሁ